ለጥብቅና ድርጅት የሩቅ ረዳት ስለ መምረጥ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ማኅበራችሁ ለዚህ ንግግር ሲጋብዘኝ የሰጠኝ ርእስ አጭር ነበር፤ ይኸውም አንድ የጥብቅና ድርጅት ከሩቅ ሆኖ የሚያግዘውን ረዳት እንዴት ይምረጥ የሚል ነው። እኔ መሐንዲስ እንጂ የሕግ ሰው አይደለሁም። ስለዚህ ዛሬ ሕግ በምጠቅስባቸው ጥቂት ቦታዎች ሁሉ ነገሩ ለቀባሪው እንደ ማርዳት እንደሚሆንብኝ ስለማውቅ ትዕግሥታችሁን አስቀድሜ እለምናለሁ። ይሁን እንጂ ሥራዬ የመዝገብ አያያዝ ሥርዐትና የኮምፒዩተር መሣሪያ መዘርጋት በመሆኑ፣ በልዩ ልዩ የጥብቅና ቢሮዎች ከጸሐፊዎችና ከጉዳይ አስፈጻሚዎች ጎን ተቀምጬ ሥራው በምን መንገድ እንደሚጓዝና የት ላይ እንደሚሰናከል ለማየት ዕድል አግኝቻለሁ። የምናገረውም ከዚያው ከታዘብሁት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። «ቨርቹዋል አሲስታንት» የሚባለው ቃል ዛሬ ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮችን ይጠራል። አንደኛው በሌላ ከተማ ወይም በሌላ አገር ተቀምጦ በኢንተርኔት አማካይነት የጸሐፊነት ሥራ የሚሠራ ሰው ነው። ሁለተኛው ሰው ሳይሆን ጽሑፍ የሚያነብ፣ የሚጽፍና ለጥያቄ መልስ የሚሰጥ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። ማስታወቂያ አውጪዎች ሁለቱን አውቀው ያደባልቋቸዋል፤ ሰው ቀጠርሁ ያለ ቢሮ ፕሮግራም ሲያገኝ፣ ፕሮግራም ገዛሁ ያለውም ከበስተጀርባው የማያውቃቸው ሰዎች ሰነዱን ሲያነቡለት ይገኛል። ስለዚህ ለሻጩ የሚቀርበው የመጀመሪያው ጥያቄ «የደንበኛዬን ወረቀት የሚያነበው ማን ነው?» የሚል መሆን አለበት። እኔ በዚህ ንግግር ሁለቱንም የሩቅ ረዳት እላቸዋለሁ፤ መለየት በሚያስፈልግበት ቦታ ግን እለያቸዋለሁ።

ጉዳዩ በአገራችን ትኩረት ያገኘበት ምክንያት ግልጽ ነው። የፌዴራል ጥብቅና አገልግሎት ፈቃድ አሰጣጥና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የጥብቅና ድርጅት እንዲቋቋም እስከ ፈቀደበት ጊዜ ድረስ ጠበቃው በአብዛኛው ብቻውን የሚሠራ ባለሙያ ነበር። አንዲት ጸሐፊ፣ አንድ የብረት ቁም ሣጥንና የጠበቃው የራሱ ትውስታ ቢሮውን ያቆሙት ነበር። ሁለትና ከዚያም በላይ የሆኑ ጠበቆች በአንድ ስም መሥራት ሲጀምሩ ግን የአንዱ ትውስታ ለሌላው አይበቃም፤ ቀጠሮው፣ ደብዳቤው፣ የደንበኛው ስልክ ሁሉ አንድ ቦታ መመዝገብ ግድ ሆነ። ያን የሚመዘግብ ሰው ደግሞ ጠፋ፤ ወይም ደመወዙ ከበደ። በዚህ ጊዜ «በሰዓት ይህን ያህል ብቻ» የሚል ሰው በኢሜይል ሲመጣ ጆሮ የማይሰጥ የለም።

እኔ እንዳየሁት ከሆነ ምርጫው የሚበላሸው ከረዳቱ ስለሚጀመር ነው። መጀመር ያለበት ከሥራው ነው። በአንድ ድርጅት ውስጥ ከዋናው ጠበቃ እስከ ተላላኪው ያሉት ሁሉ ለሁለት ሳምንት ያህል በየግማሽ ሰዓቱ የሠሩትን በአንድ መስመር እንዲጽፉ አደረግን። ውጤቱ ዋናውን ጠበቃ አስደነገጣቸው። ከሁሉ የበለጠ ጊዜያቸውን የወሰደው ክርክር አልነበረም፤ «ቀጠሮዬ መቼ ነው?» ለሚሉ ደንበኞች በስልክ መልስ መስጠት ነበር። ጸሐፊዋ ደግሞ በአሮጌ የፊደል ፕሮግራም የተጻፉ ውሎችን እንደ አዲስ ትተይብ ነበር። ወጣቱ ጠበቃ ግማሽ ቀኑን በሬጅስትራር በር ላይ ቆሞ ያሳልፋል።

ከዚህ ዝርዝር ሥራው የእግር፣ የእጅና የራስ ተብሎ ሊከፈል እንደሚችል ተረዳን። የመዝገብ ግልባጭ ማውጣት፣ መጥሪያ ማድረስ፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ቢሮ ሄዶ መሰለፍ የእግር ሥራ ነው፤ ይህን ማንኒላ ያለ ረዳትም፣ የትኛውም ፕሮግራም አይሠራውም። ክስ እንዲመሠረት ወይም እንዲቀር መወሰን፣ ዕርቅ መምከር፣ የትኛው ምስክር አስቀድሞ እንደሚሰማ ማሰብ የራስ ሥራ ነው፤ ይህ ፈቃዱ የተሰጠው ለእናንተ ነውና ከቤት አይወጣም። ወደ ሩቅ ሊሄድ የሚችለው የእጅ ሥራው ብቻ ነው፤ መተየብ፣ ማደራጀት፣ ቀጠሮ መመዝገብ፣ ደንበኛን ማስታወስ፣ ደረሰኝ መሰብሰብ የመሳሰለው ማለት ነው። በዚያ ድርጅት ሦስት ረዳት ሊቀጠር ታስቦ ነበር፤ ክፍፍሉ ከታየ በኋላ ግን አንድ የሩቅ ረዳትና አንድ ጠንካራ ተላላኪ በቂ ሆነው ተገኙ። ተላላኪውን ማንም አላሰበውም ነበር።

የእጅ ሥራ ስለሆነ ቀላል ነው ማለት ግን አይደለም። በእኛ አገር የእጅ ሥራው ውስጥ ለባዕድ ረዳት የማይታዩ ሁለት ገደሎች አሉ፤ አንዱ ስም፣ ሌላው ቀን ነው። በእነዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ምክንያቱም መልካም የሚባሉት የውጭ ረዳቶች ሁሉ ሲወድቁ ያየሁት በእነዚህ ላይ ነው።

ስምን በተመለከተ፣ አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ድርጅቱ ቀድሞ የተከራካሪውን ወገን አገልግሎ እንደሆነና እንዳልሆነ መዝገቡን መፈለግ አለበት። ይህን ፍለጋ ለሩቅ ረዳት የሚሰጡ ብዙ ናቸው። ነገር ግን «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም ብቻ እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል ኃ፣ ኀ፣ ሀ፣ ሃ፣ ሐ ወይም ሓ ሆኖ ሊጻፍ ይችላል፤ ይህ ስድስት ነው። ሥ በስ ይተካል፤ ሴም በሤ ይተካል፤ ሁለቱ ቃላት ተያይዘው ወይም ተለያይተው ይጻፋሉ። ስድስት በሁለት፣ በሁለት፣ እንደገናም በሁለት ሲባዛ 48 አጻጻፍ ይሆናል። «ኃ/ሥላሴ» ተብሎ በእዝባር የሚያጥረው ከዚህ ውጪ ነው። ለአንባቢ ሁሉም አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን አርባ ስምንት ሰዎች ናቸው። ረዳቱ «ፈልጌ አላገኘሁም» ብሎ ቢመልስ እውነቱን ነው፤ ድርጅቱ ግን በዚያ እውነት ተማምኖ ትናንት የመከረውን ሰው ዛሬ ሊከስስ ይችላል።

በዚህ ላይ የአባት ስም ጉዳይ አለ። የውጭ አገር ሰዎች የሠሩት የደንበኛ ቅጽ ሁልጊዜ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ ረዳት የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም በዚያ ቦታ ይሞላል፤ ከዚያ አንዱ ደንበኛ በሁለት መዝገብ ላይ ይገኛል። ስሙ በላቲን ፊደል ሲገለበጥማ መልኩ ብዙ ነው።

ከዚህ ሌላ ደግሞ የአሮጌ ሰነዶች ችግር አለ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ቢሮዎቻችን እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ይጽፉ ነበር። እነዚህ ሰነዶች ሲታተሙ ጥሩ አማርኛ ናቸው፤ በማሽኑ ውስጥ ግን የተቀመጡት በላቲን ምልክቶች ነው። ስለዚህ በሰነዱ ላይ ዐይናችሁ የሚያየውን ስም ማሽኑ ፈልጎ አያገኘውም። የሩቅ ረዳት ከመቀጠሩ በፊት እነዚህ ሰነዶች ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለባቸው፤ የአንድ ጊዜ ወጪ ነው፤ አለበለዚያ ረዳቱ የሚሠራው ከድርጅቱ መዝገብ ግማሹ ሳይታየው ነው።

በዚህ ረገድ ካየኋቸው የሩቅ ረዳቶች ሁሉ የበለጡት በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ የሚኖሩ፣ በፍርድ ቤት ለረጅም ዘመን በጸሐፊነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ወይዘሮ ናቸው። የኮምፒዩተር ትምህርታቸው መጠነኛ ነው። ነገር ግን በውክልናው ላይ የተጻፈው የአባት ስምና በክሱ ላይ ያለው በአንድ ፊደል መለያየቱን አይተው፣ መቃወሚያ ሆኖ ከመምጣቱ በፊት ስልክ ደውለው አስታወቁ። ይህን ያስተማራቸው ማንም አይደለም፤ መዝገብ በዚህ ምክንያት ሲመለስ ዘመናቸውን ሁሉ ያዩ ናቸውና።

ወደ ቀኑ ልመለስ። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ቢሮ የደረሰውን ልንገራችሁ። በአንድ ድርጅት 11 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ከሥራ ይሰናበታል። የስንብት ደብዳቤው ቀን 05/02/2015 ይላል፤ ጥቅምት 5 ቀን ማለት ነው። ሰውየው በሽምግልና ሲደክም ቆይቶ ጥር 3 ቀን ወደ ቢሮው መጣ። ተላላኪው ወረቀቱን ተቀብሎ በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ ውጭ አገር ላለው ረዳት ላከ። ረዳቱ ወርን አስቀድሞ ቀንን አስከትሎ በሚጽፍ አገር ልማድ የሠለጠነ ስለሆነ ቀኑን በአምስተኛው ወር ሁለተኛ ቀን፣ ጥር 2 ብሎ አነበበው። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ደብዳቤው የትናንት ሆነ፤ የ3 ወሩም ጊዜ እስከ ሚያዝያ 2 እንደሚዘልቅ ተጻፈ። መዝገቡ ከሌሎች ሥር ተቀመጠ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ይህን እናንተ ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። ለሰውየው የቀረው ጊዜ ሁለት ቀን ነበር። ክሱ የቀረበው ግን በጥር መጨረሻ ሲሆን፣ ተከሳሹ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ይርጋውን አነሣ፤ ሰውየውም ወደ ሥራው ሊመለስ አልቻለም።

ይህ ስሕተት የሰነፍ ሰው ስሕተት አይደለም። ረዳቱ በራሱ ልማድ በትክክል ሠርቷል። የጐደለው ደንበኛውን «ደብዳቤው መቼ ደረሰህ?» ብሎ በአፍ የሚጠይቅ ሰው ነበር።

ቀንን ለሚቆጥር ፕሮግራምም እንዲሁ ነው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዐት ሕጉ አንቀጽ 323 የይግባኝ ጊዜው 60 ቀን ነው። ፍርዱ ሐምሌ 20 ቀን 2015 ተሰጠ እንበል። ከሐምሌ 10 ቀን፣ ከነሐሴ 30 ቀን፣ ከጳጉሜን 6 ቀን፣ ከመስከረም 14 ቀን ስንወስድ 60ኛው ቀን መስከረም 14 ላይ ይውላል። «60 ቀን ሁለት ወር ነው» ብሎ ቀኑን ከወር ወደ ወር የሚያዛውር ፕሮግራም ግን መስከረም 20 ይላል፤ ይህ 66ኛው ቀን ነው። የፍርድ ቤት ዕረፍት በቆጠራው ላይ የሚኖረውን ውጤት ለእናንተ እተዋለሁ፤ እኔ የምናገረው ስለ ማሽኑ ነው። ከዚህም ሌላ ጳጉሜን በአራት ዓመት አንድ ጊዜ 6 ቀን ስትሆን የእኛና የፈረንጆቹ ቀን መመሳከሪያ በአንድ ቀን ይዛነፋል። የ2015 መስከረም 1 ቀን መስከረም 11 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ላይ ሲውል፣ የ2016ቱ ግን መስከረም 12 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ላይ ዋለ፤ ልዩነቱም እስከ የካቲት 21 ዘለቀ። ይህን የማያውቅ የቀን መቁጠሪያ ከአምስት ወር በላይ እያንዳንዱን ቀጠሮ በአንድ ቀን ያሳስታል። ቀጣዩ ባለ 6 ቀን ጳጉሜን የ2019 ዓ.ም. ነው።

ሰዓትንም አልረሳሁትም። ደንበኛው «በ3 ሰዓት እመጣለሁ» ሲል ጠዋት ማለቱ ነው፤ ረዳቱ ግን ከሰዓት በኋላ ብሎ ይመዘግባል። ይህ ሁሉም ሰው ስለሚያውቀው ቶሎ ይታረማል፤ ስለዚህ አልቆይበትም።

ከእነዚህ ነገሮች በመነሣት እኔ የያዝሁት አቋም አለ። የይርጋና የይግባኝ ቀን ለሩቅ ረዳት ብቻውን አይሰጥም። ረዳቱ ይቆጥር፤ በድርጅቱ ውስጥ ያለ አንድ ጠበቃ ደግሞ የረዳቱን ውጤት ሳያይ ለብቻው ይቁጠር፤ ሁለቱ ካልተስማሙ መዝገቡ ይከፈት። የመጀመሪያውን አይቶ «ትክክል ነው» ማለት ቆጠራ አይደለም። በእኛ ሙያ አንድ መሐንዲስ ያሰላውን ሌላው እንደ ገና ከመነሻው ያሰላዋል እንጂ ወረቀቱን እያየ አይፈርምም።

አሁን ወደ ምስጢር እንምጣ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር የሚያወጣውን፣ ጠበቃን ጨምሮ፣ ይቀጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን የግል መረጃ የሚይዝ ሁሉ እንዴት መጠበቅ እንዳለበት ደንግጎ፣ መረጃ ከአገር የሚወጣበትን መንገድ ወስኗል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ ውጭ አገር ለተቀመጠ ረዳት የደንበኛን የሕክምና ማስረጃ ወይም የፍቺ መዝገብ መላክ የቢሮ አሠራር ብቻ ሳይሆን ራሱን የቻለ የሕግ ጥያቄ ሆኗል።

እኔ ግን የምፈራው ከዚህ ይልቅ ቀላሉን ነገር ነው፤ ቴሌግራምን። በየቢሮው እንዳየሁት ውክልናው፣ ውሉ፣ የልደት ምስክር ወረቀቱ ሁሉ በስልክ ፎቶግራፍ ይነሣና በቴሌግራም ይላካል። በዚህ መሣሪያ ተራው መልእክት ከላኪ እስከ ተቀባይ ድረስ የተቆለፈ አይደለም፤ የተቆለፈው «ምስጢራዊ ውይይት» የሚባለው ብቻ ነው። ከዚያም በላይ ወረቀቱ በተላላኪው ስልክ፣ በረዳቱ ስልክ፣ ምናልባትም ስልኩን በሚዋሰው ወንድም እጅ ይቀራል። ረዳቱ ሥራውን ሲለቅ ስልኩን ይዞ ይሄዳል። መድኀኒቱ ውድ አይደለም፦ ለረዳቱ በራሱ ስም የተከፈተ መግቢያ፣ በይለፍ ቃልና በሁለተኛ ማረጋገጫ የተጠበቀ፣ ለተመደበለት መዝገብ ብቻ የሚከፈት፣ ማን ምን ሰነድ በስንት ሰዓት እንደ ከፈተ የሚመዘግብ ይሁን። የጋራ የይለፍ ቃል በግድግዳ ላይ በተለጠፈበት ቢሮ ረዳት ስለ መምረጥ መነጋገር ጊዜው አልደረሰም።

ሰነዱ ሁሉ በሩቅ ማከማቻ ብቻ መቀመጡንም አልደግፍም። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ መዝገቡን ውጭ ያኖረ ሁሉ የራሱን ወረቀት ማየት አልቻለም። ቢያንስ የቀጠሮ ዝርዝሩና በክርክር ላይ ያሉት መዝገቦች በየማታው በቢሮው ውስጥ ባለ ኮምፒዩተር ላይ መገልበጥ አለባቸው።

ስለ ፕሮግራሙ ረዳት ጥቂት ልናገር። በኒው ዮርክ በአቪያንካ አየር መንገድ ላይ በቀረበ የጉዳት ካሳ ክስ፣ የከሳሹ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የተባለው ፕሮግራም ፈጥሮ የሰጣቸውን፣ በዓለም ላይ የሌሉ ስድስት ፍርዶች በጽሑፋቸው ጠቅሰው ተገኙ። ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. ጠበቆቹንና ድርጅታቸውን 5,000 ዶላር ቀጣ። ዶላሩ ቀላል ነው፤ በዓለም ላይ መነገሩ ግን ከባድ ነበር። የእኛን የሰበር ውሳኔ በተመለከተ አደጋው እንዲያውም ይብሳል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም ከ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 454 ጀምሮ በበታች ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ ሆኖ ሳለ፣ ውሳኔዎቹ እነዚህ ፕሮግራሞች ከተማሩበት እንግሊዝኛ ጽሑፍ ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ጥቂት ናቸው። ጥቂት የሚያውቅ ብዙ እንደሚያውቅ ሆኖ ሲናገር ደግሞ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ፕሮግራሙን ልትፈትኑት ብትሹ ራሳችሁ የተከራከራችሁበትን፣ በታተመው ቅጽ ውስጥ ያለውን የሰበር መዝገብ ቁጥር ሰጥታችሁ ጭብጡን ጠይቁት። ከዚያ ደግሞ የሌለ ቁጥር ፈጥራችሁ ስጡት። «ይህን አላውቀውም» ካላለ ለሕግ ፍለጋ አይሆንም። የተጻፈ ደብዳቤ ለማሳጠር፣ ቃለ ጉባኤ ለማስተካከል ወይም እንግሊዝኛውን ለማቅናት ግን ይጠቅማል፤ ይህን መካድ አይገባም።

በነገራችን ላይ፣ በአማርኛ ጽሑፍ መጠን ለሚያስከፍሉ ፕሮግራሞች ሒሳቡን አስቀድማችሁ ጠይቁ። በተለመደው የዩኒኮድ አቀማመጥ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ ፕሮግራሞቹም ጽሑፋችንን ከእንግሊዝኛው ይበልጥ ቆራርሰው ስለሚያነቡት ዋጋው ከማስታወቂያው የራቀ ይሆናል።

በሌላ አገር ያሉ ባልደረቦቻችሁ ይህን ጥያቄ አስቀድመው ተነጋግረውበታል። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በ2008 እ.ኤ.አ. በሰጠው አስተያየት ቁጥር 08-451 ሥራን ለውጭ ሰው ማሠራት እንደሚቻል፣ ተጠያቂነቱ ግን ከጠበቃው ላይ እንደማይወርድ ገለጸ። በ2012 ደግሞ በሥነ ምግባር ደንቡ 5.3 ላይ «ጠበቃ ያልሆኑ ረዳቶች» ይል የነበረውን ርእስ «ጠበቃ ያልሆነ ሰው ርዳታ» በሚል ለወጠው። ለውጡ የአንድ ቃል ቢሆንም ብዙ ይናገራል፤ ከቢሮው ውጭ ያለውን ሰው፣ ድርጅትና ማሽን ሁሉ በአንድ ቃል አስገብቶታልና። በ2024 በአስተያየት ቁጥር 512 ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተናገረውም በዚሁ መንገድ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ለሚሠሩ የኢትዮጵያ ተወላጅ ጠበቆች አዲስ አበባ ሆናችሁ የአማርኛ ሰነድ የምታዘጋጁ ካላችሁ፣ በዚያ ጊዜ የሩቅ ረዳቱ እናንተ ናችሁ፤ የሚጠየቃችሁንም ከዚህ ታውቃላችሁ።

ታዲያ ማንን እንምረጥ ለሚለው የእኔ አስተያየት እንደሚከተለው ነው። ከማንኒላ ወይም ከናይሮቢ ይልቅ በሐዋሳ፣ በደሴ ወይም በጅማ የሚኖር፣ በሕግ የተመረቀ ሥራ ፈላጊ ወጣት ወይም ቀደም ብዬ እንደ ጠቀስኋቸው እናት ያለ የችሎት ልምድ ያለው ሰው እመርጣለሁ። ፊደሉን ያውቃል፤ ጳጉሜን ያውቃል፤ ደንበኛው ሲያለቅስ በስልክ ምን ማለት እንደሚገባ ያውቃል፤ ለሕጋችንም ተገዢ ነው። ዋጋንም በተመለከተ በዶላር የተዋዋሉ ድርጅቶች ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው ሲለቀቅ፣ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሲወጣ ምን እንደ ደረሰባቸው ያስታውሳሉ። ፕሮግራሙ ለዚህ ሰው መሣሪያ ይሁነው እንጂ በቦታው አይተካ። በእንግሊዝኛ ብቻ ለሚሠሩ፣ ደንበኞቻቸው የውጭ ኩባንያዎች ለሆኑ ድርጅቶች ግን ሚዛኑ ሌላ ሊሆን እንደሚችል እቀበላለሁ።

ከመቅጠር በፊት ፈተና ያስፈልጋል፤ ፈተናውም ከራሳችሁ በተዘጉ መዝገቦች ይዘጋጅ፤ ስሞቹ ተለውጠው። በአራት አጻጻፍ የተጻፈ አንድ ሰው፣ ቀኑ በቁጥር ብቻ የተጻፈ ደብዳቤ፣ በጳጉሜን ላይ የሚያልፍ የይግባኝ ጊዜ፣ ገጹ የጎደለ ውል ይኑርበት። ገጹ መጉደሉን ሳይናገር ሥራውን ጨርሶ የሚያስረክብ ረዳት ፈጣን ነው፤ ነገር ግን አይቀጠር። ቀኑን «የትኛው ወር ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ቢዘገይም ይቀጠር። ከዚያም በኋላ ሁለት ወር ያህል ክርክር የሌለባቸው ሥራዎች ብቻ ይሰጡት።

በውሉ ላይ ሁላችሁም ስለ ክፍያና ስለ ምስጢር ትጽፋላችሁ፤ በዚህ የምጨምረው የለኝም። ሲረሳ ያየሁት አንድ አንቀጽ ግን ረዳቱ ሥራውን ስለሚለቅበት ቀን የሚናገረው ነው። መግቢያው በዚያው ሰዓት በማን እጅ ይዘጋል? በእጁ ያሉት ሰነዶች እንዴት ይመለሳሉ፤ መሰረዛቸውስ በምን ይረጋገጣል? በሚቀጥሉት 30 ቀኖች ውስጥ የሚያልቁትን የጊዜ ገደቦች ዝርዝር ለማን ያስረክባል? ደንበኞቹ በስልክ የሚያውቁት እሱን ስለሆነ፣ በእሱ ፈንታ የሚደውልላቸው ማን ነው? ይህን ገጽ ከሥራው የመጀመሪያ ቀን በፊት ሁለቱም ወገን ይፈርሙበት። የፈተናውን ናሙና ለማኅበሩ ጸሐፊ ስለ ሰጠኋቸው የሚፈልግ አባል ከጽሕፈት ቤቱ መውሰድ ይችላል።